ደዋዩ ያለበት ቦታ

ድምፅዋ ከኮምፒውተሯ ማራገቢያ ስለማይበልጥ የአምቡላንስ ጥሪ ማእከሉ ሠራተኞች «ሹክሹክታ» ይሏታል። የደዋዩን ቦታ በስክሪን የሚያሳየውን አዲስ ሥርዓት ዓመት ሙሉ ለፍታበታለች። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊዋ መጥተው ያዩታል፤ ካልሠራ ልፋቷን ውሃ በላው። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል።

ለሙከራ የሚደውለው የአምቡላንሱ ሾፌር አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሟል። ስክሪኑ ግን ጠዋትም አሁንም ወፍጮ ቤት አስገባው።

«አሁንም ወፍጮ ቤት?» አለ ሾፌሩ በስልኩ። «ዱቄት ልታደርጉኝ ነው እንዴ? እንኳንም በሽተኛ አልሆንኩ።»

ሹክሹክታ ከጠዋቱ ጥሪ ጋር የመጣውንና ያኔውኑ ያተመችውን የጽሑፍ መልእክት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መልእክቱ በአንድ ፖስታ እንደታጨቁ ወረቀቶች ነው። የመጀመሪያው ክፍል ድምፁ እንዴት እንደሚተላለፍ ይናገራል። ሁለተኛው የደዋዩን ቦታ ይናገራል። ሦስተኛውም ቦታ ይናገራል። ሁለተኛውን የጨመረው የስልክ ኔትወርኩ ነው፤ እሱ የሚያውቀው አንቴናው ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ መተከሉን ብቻ ነው። ሦስተኛውን የላከው የሾፌሩ ስልክ ራሱ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ያነሳል።

በመልእክቱ አናት ላይ አንዲት መስመር አለች፤ ለደዋዩ ቦታ ይህ መለያ ቁጥር ያለበትን ክፍል ተመልከቱ ትላለች። መለያው ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ችግሩ፣ «ሁለተኛውን አንሳ» ብለው ፕሮግራሙን የጻፉት ጋሼ ናቸው። ሥራውን ያስተማሯት፣ አጠገቧ የተቀመጡት ጋሼ።

«ጋሼ…»

«አቤት የኔ ልጅ።»

«ይቺን…» ጣቷን መስመሯ ላይ አሳረፈች። «በተራ ከምንቆጥር በመለያው ብንፈልገውስ?»

መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። የሹክሹክታ ጆሮ ጋለ።

«እኔ ስጽፈው እኮ ክፍሎቹ ሁለት ብቻ ነበሩ» አሉ በመጨረሻ። «ሦስተኛ ይመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ? ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው አፍሽን ዘግተሽ የተቀመጥሽው?»

«ከአራት ሰዓት።»

«ጉድ ነሽ። ሰውዬው እዚያ ፀሐይ ሲጠብሰው።» ሳቃቸው አመለጣቸው። «በይ ቶሎ አስተካክዪው።»

አስተካከለችው። ኃላፊዋ በሩን ሲከፍቱ ስልኩ ጮኸ፤ ስክሪኑ ላይ ቀይ ነጥብ በራ። ፌርማታው ላይ ግን አይደለም፤ ከመንገዱ ማዶ ነው። ኃላፊዋ የሙከራው ቦታ የተጻፈበትን ወረቀታቸውን አዩ። «ፌርማታ ነው የሚለው።»

ሹክሹክታ መለያውን እንደገና አየች። ልክ ነው። ነጥቡ ያረፈበትን ቤት ስም አነበበችና ማይክሮፎኑን አፏ ድረስ ሳበች።

«ወንድሜ፣ ፌርማታው ላይ አይደለህም። ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ውስጥ ነህ።»

ከስልኩ የፀጉር መቁረጫ ማሽን ድምፅ ተሰማ።

«ፀሐዩ በዝቶብኝ እኮ ነው» አለ ሾፌሩ። «ማነው ያሳበቀብኝ?»

ኃላፊዋ ሳቃቸውን በወረቀቱ ሸፈኑ። «ሥርዓቱ ነገ ጠዋት ሥራ ይጀምር» አሉ።

«እኔስ?» አለ ስልኩ። «ገና በግማሽ ነው የተላጨሁት። ልጨርስ ወይስ እንዲሁ ልምጣ?»