ያልተጠየቀ ይቅርታ

አጅሬ የልምምድ ማስታወሻውን የሚጽፈው እንደ ዘበኛ መዝገብ ነበር። «ክፍለ ጊዜው በሰዓቱ ተጀመረ። የማካፈል ትምህርት ተሰጠ። ተማሪዎች በንቃት ተሳትፈዋል።» በቃ። አንዱን ማስታወሻ ከሌላው የሚለየው ቀኑ ብቻ ነው። ሰውየው ሒሳብ ለማስተማር የሚማር የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ነው፤ የመጨረሻውን ዓመት አንድ ትምህርት ቤት እየሄደ አምስተኛ ክፍልን ያስተምራል። በየጊዜው ደግሞ ስለ ትምህርቱ ሳይሆን ስለ ራሱ መለስ ብሎ አስቦ መጻፍ አለበት። ቁመቱ መለሎ ስለሆነ ተማሪዎቹ አንቴና ይሉታል፤ እኛም አንቴና እንበለው።

ልምምዱን የሚከታተሉት የዩኒቨርሲቲው መምህርት፣ ዶክተሯ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማስታወሻዎች መለሱለት። በሁለቱም ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አንተ የት ነበርክ?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈዋል። «የት ልሆን ኖሯል? ክፍል ውስጥ ነዋ!» እያለ ጓደኞቹን ሲያስቅ ሰነበተ። ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር፤ ሁለቱም ወድቀዋል። ማስታወሻዎቹ በጠቅላላ አራት ናቸው፤ ሦስቱን የወደቀ ሰው ዓመቱን ይደግማል። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ደግሞ የምርቃት ኮቱን ከወዲሁ ሰፍታ፣ ከበሩ ጀርባ ሰቅላ፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር «የወንድሜ ነው፤ ዘንድሮ ይመረቃል» ትላለች። እናትም አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት፤ ይህን ኮት ያለ ምርቃት ማየት ለአንቴና ከሞት አይተናነስም።

መፍትሔውን የሰጠው የዶርም ጓደኛው ነው። ከዘጠና በታች አግኝቶ ስለማያውቅ «ባለ ቀመሩ» ይባላል። ቀመሩም አንድ ጥፋት፣ ሁለት መስመር ጸጸት፣ አንድ ይቅርታ፣ ከዚያ «ከዚህ የተማርኩት» ነው። ጥፋት ከሌለህ ፍጠር አለው። እሱ ራሱ በልምምድ ላይ እያለ አያቱ እንደሞቱበት ጽፎ ዘጠና አራት አግኝቷል። ሽማግሌው እስከ ዛሬ እንደ ፈረስ ናቸው።

አንቴና ግን ጥፋት መፍጠር አላስፈለገውም፤ ነበረው። ክፍሉ ውስጥ ሁለት መንታ እህትማማቾች አሉ። አንደኛዋ ጥያቄው ሳያልቅ እጇን የምታወጣ ፈጣን ናት፤ ሌላዋ መስኮት ሥር የምትቀመጥ ዝምተኛ። አንድ ቀን ዝምተኛዋን ሰሌዳ ላይ አውጥቶ ቁጥር እንድታካፍል አዘዛት። ልጅቷ ጠመኔ ይዛ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። ሰዓቱ እየሄደበት ነበር፤ ቀልድም ምላሱ ላይ መጣችለት። «አይ አንቺ! ከእህትሽ ጋር ጭንቅላት ስትካፈሉ ላንቺ የደረሰሽ ቀሪው ብቻ ነው እንዴ?» አላት። አርባ ስምንት ልጅ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። ልጅቷ ጠመኔውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ወደ ቦታዋ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ነበር።

ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ይህንኑ ጻፈ። ጉድ ነው፤ ጥፋቱንም ጸጸቱንም ሳያሽሞነሙን እንዳለ ዘረገፈው። እጁ ከራሱ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ይቅርታው ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ፤ አልጠየቃትማ። ነገ እጠይቃታለሁ ብሎ ራሱን ደለለና እንደተደረገ አድርጎ ጻፈው። በማግስቱ ብቻዋን ጠርቶ ይቅርታ እንደለመናት፣ እሷም ፈገግ ብላ «ምንም አይደለም» እንዳለችው። ነገ መጣ፤ የመምህራን ስብሰባ ነበር። ከነገ ወዲያም መጣ፤ ልጅቷ ከእህቷ ጋር ነበረች። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ቀረ።

ወረቀቱ ዘጠና ሁለት አመጣ። ዶክተሯ ለተመራቂዎቹ ሁሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። ከአዳራሹ ፊት የተቀመጠች ተመራቂ አፍንጫዋን በሶፍት ጠረገች። ዶክተሯ አንብበው ሲጨርሱ ሐሙስ መጥተው ክፍለ ጊዜውን እንደሚያዩ፣ ልጅቷንም ቢያገኟት ደስ እንደሚላቸው ነገሩት። አንቴና ከአዳራሹ እንደወጣ በቀጥታ ወደ ባለ ቀመሩ ሮጠ።

ባለ ቀመሩ ግን ምንም አልመሰለው። ሐሙስ ሳይደርስ ልጅቷን ይቅርታ ቢጠይቃት ነገሩ ሁሉ እውነት እንደሚሆን፣ የተዛባው ቀኑ ብቻ እንደሆነ አስረዳው። አንቴናም እውነት መሰለው።

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ልጅቷን ቧንቧው ጋ አገኛት። ኮዳዋን ውኃ እየሞላች ነው። ከኋላዋ የተሰለፈ ልጅ፣ «ቀሪ፣ ፍጠኚ እንጂ!» አላት። አንቴና ማን ነው ቀሪ ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ ግን መልሱ ገባው። ልጁ አስተማሪ ሲያይ እብስ አለ። ልጅቷ ቀና ብላ ሳታየው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁሉም እንዲህ እንደሚሏት፣ እህቷም ቤት ውስጥ ሲጣሉ በዚሁ ስም እንደምትጠራት ነገረችው። አላለቀሰችም። ስትነግረው ሰዓት ስንት ነው ተብላ የምትመልስ ትመስል ነበር። አንቴና ጎንበስ ብሎ፣ ቃላቱ እየተምታቱበት፣ ያን ቀን እንዳጠፋ ነግሮ ይቅርታ አድርጊልኝ አላት።

ልጅቷ ቧንቧውን ዘጋች። የኮዳዋን ክዳን አጠበቀች።

«ቲቸር፣ ያን ቀን ሁሉም ነበሩ» አለችው። «አሁን እኔና እርስዎ ብቻ ነን።»

ብላው ሄደች።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናደደ። ይቺ ጥፍር የምታህል ልጅ ይቅርታን እንደ ጫማ ለክታ ልትቀበል ነው እንዴ ብሎ ለራሱ አጉረመረመ። ንዴቱ ሲበርድለት ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለት። ሐሙስ ዶክተሯ ልጅቷን ይቅርታ ጠይቆሽ ነበር ወይ ቢሏት፣ አዎ ማለቷ አይቀርም፤ ጠይቋታላ። ልጅቷ አትዋሽም፣ እሱም አይጋለጥም፣ ዘጠና ሁለቱም ወንበሩን አይለቅም። ረቡዕ ሙሉ ቀን ይህን ሲያገላብጥ ዋለ። እንከን ፈልጎ አጣበት። ታዲያ ለምን ምግብ አልወርድ እንዳለው ሊገባው አልቻለም።

ሐሙስ ዶክተሯ መጥተው የመጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ለልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። አንቴና ጥሩ አስተማረ። ምሳሌ ጻፈ፣ አስረዳ፣ ጠየቀ፣ መለሱለት። የሚቀጥለውን ማን ይሥራ ሲል ግን ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «ቀሪ ትሥራ!» አለ። ክፍሉ አፉን ይዞ ሳቀ። ዶክተሯም ፈገግ አሉ፤ ማስታወሻው ላይ ያነበቡት ቀልድ የልጅቷ ስም ሆኖ መቅረቱን ስላላወቁ የሒሳብ ጨዋታ መስሏቸዋል። መስኮት ሥር ያለችው ልጅ ደብተሯን እያየች ነበር። ከፊት የተቀመጠችው እህቷም እየሳቀች ነበር።

አንቴና ጠመኔውን አስቀመጠ።

«ይህን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «እዚች ሰሌዳ ጋ አቁሜ፣ እናንተን ለማሳቅ ብዬ አዋረድኳት። የሠራሁት ብልግና ነው። እናንተ የሳቃችሁት እኔ ስለሳቅኩ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ስም የሚጠራት ሰው ቢኖር፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ያስታውስ።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አላት።

ልጅቷ ብድግ አለች፤ ሲጠሩ መነሳት ስለለመደች ይሆናል።

«ሰማሁ፣ ቲቸር» አለችና ተቀመጠች።

ፈጣኗ እህቷ አንገቷን ደፋች። እሱም ጠመኔውን አንስቶ የቀረውን ምሳሌ ሠራ፤ ስድስትን ሁለት ጊዜ አሳስቶ ጻፈ።

ደወል ሲደወል ዶክተሯ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁት። ልጅቷን ለማነጋገር አልፈለጉም። የጠየቁት እሱን ነው።

«እኔ ያነበብኩት ይቅርታ የቱ ነው?»

ያን ጊዜ እንኳ ማምለጫው ክፍት ነበር። ያ ለብቻዋ ነው፣ ይሄ ደግሞ በሁሉም ፊት ነው ቢላቸው አምነው ይሄዱ ነበር፤ እንዲያውም ሳያመሰግኑት አይቀሩም። አንቴና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፈተና ፕሮግራም አየ፣ ጫማውን አየ።

«እሱ የለም፣ ዶክተር» አለ። «ፈጥሬው ነው። ስጽፈው አልጠየቅኳትም ነበር።»

ዶክተሯ አልተቆጡም። ዘጠና ሁለቱ እንደሚሰረዝ፣ ሦስተኛው ማስታወሻ እንደወደቀ፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነም እንደማይጠፋው ነገሩት። አልጠፋውም። ልምምዱን እስከ መጨረሻው ይቀጥላል፤ አራተኛውን ማስታወሻ ግን ከእንግዲህ ቢያመጣውም ባያመጣውም ለውጥ የለውም። እጁን ጨብጠውት ሄዱ።

ለእህቱ የነገራት በዚያው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቢያሳድረው አንደበቱ እንደሚታሰር ያውቃል። የልብስ መስፊያ መኪናዋን አቁማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችው። ቀልዱ ጋ ሲደርስ «አንተ ነህ እንዲህ ያልከው?» ብላ ጠየቀችው። አዎ አላት። ከምርቃቱ ይልቅ ያ ነገር እንዳሳፈራት ፊቷ ላይ አየ፤ የፈራው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ ሆነ። ኮቱን ከሚስማሩ አውርዳ በላስቲክ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባችው። «እስከ ዓመት እንዳትወፍር ብቻ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፔዳሉን ግን ለረጅም ጊዜ አልረገጠችም።

ቅዳሜ አንቴና ከእህቱ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ጥግ ቦታ አስለቅቆ አራተኛውን ማስታወሻ መጻፍ ጀመረ። ማን እንደሚያነበው አያውቅም። የቧንቧውን ነገር ጻፈ፣ ንዴቱን ጻፈ፣ ረቡዕ ሲያውጠነጥን የዋለውን ተንኮል አንድም ሳያስቀር ጻፈ። የመጨረሻው መስመር ጋ ሲደርስ «ይቅር አለችኝ» ብሎ ጀመረ። እስክሪብቶውን አንስቶ አሰበ። እንዲህ አላለችውም። ሰረዘውና፣ «ሰማሁ አለችኝ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ማክሰኞ ክፍለ ጊዜ አለን» ብሎ ጻፈ።