የሁለት ሰው ማሳ

በነሐሴ አጋማሽ ከወለንጪቲ በላይ ካለው ተራራ የወረደው ጎርፍ የመርዳሳን ጤፍ ደለል አልብሶት ሄደ። ጎረቤቶቹም ተጎድተዋል፤ የእሱ ማሳ ግን ከቦዩ አጠገብ ስለሆነ ምንም አልተረፈለትም።

ጳጉሜን ላይ መንግሥት ለተጎዱ ገበሬዎች የገንዘብ ድጋፍ እንደሚሰጥ ተነገረ። መርዳሳ ቀበሌ ሲሄድ መሰለች የምትባለው አዲሷ የግብርና ባለሙያ የመሬት ደብተሩን ገልጣ አየች።

«ጋሼ፣ መሬቱ በእርስዎና በባለቤትዎ ስም ነው። ሁለታችሁም መቅረብ አለባችሁ» አለችው።

ሚስቱ ጉዲቱ ከቤት ከወጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። መርዳሳ ሳያማክራት ግማሹን መሬት ለሽንኩርት ነጋዴ በኮንትራት ሰጥቶ ነበር። አልጮኸችበትም። ልብሷን ጠቅልላ አዳማ እህቷ ዘንድ ገባች፤ እዚያው ገበያ ውስጥ ቲማቲምና ቃሪያ መሸጥ ጀመረች። ሽማግሌ ሲልክባት «ራሱ ይምጣ» ብላ መለሰቻቸው። እሱ ደግሞ አፈረ። ኮንትራቱ አልቆ መሬቱ ከተመለሰም በኋላ ሐፍረቱ አልለቀቀውም።

«ምን ቸገረህ?» አለው የአጎቱ ልጅ ፈዬራ። «እህትህን ይዘህ ሂድና ሚስቴ ናት በል። የቀበሌዋ ልጅ ጉዲቱን የት ታውቃታለች?»

«አንዴ ያለ እሷ ወሰንኩ» አለ መርዳሳ። «ይበቃኛል።»

በማግስቱ አዳማ ሄደ። ሲያገኛት ቃሪያ እየመዘነች ነበር። ደንበኛዋን እስክትሸኝ ራቅ ብሎ ቆመ።

«አካም፣ ጉዲቱ።»

«ደህና ነኝ። ምነው ከሳህ?»

«ጤፉን ጎርፍ ወሰደው።»

እጇ ሚዛኑ ላይ ቀረ። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። መንግሥት ትንሽ ብር ሊሰጥ ነው፤ ያላንቺ አይሆንም አሉ።» ጠጋ አላት። «እነሱ ባይሉም መምጣት ነበረብኝ። ያኔ መሬቱን ከመስጠቴ በፊት ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ይሄንን ሽማግሌ ሳይሆን እኔ ነበርኩ መናገር ያለብኝ።»

ጉዲቱ ባዶ የቲማቲም ሳጥን ገለበጠችና ከጎኗ አስቀመጠችለት።

«ቁጭ በል። ምሳ በልተሃል?»

ቀበሌ አብረው ቀረቡ። መሰለች አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና፣ «አብራችሁ ናችሁ የምትኖሩት?» ብላ ጠየቀች።

መርዳሳ መሬት መሬቱን አየ።

«እኔ አዳማ ነኝ» አለች ጉዲቱ። «ግን አልተፋታንም። እንደዚያው አድርገሽ ጻፊው።»

የጣት አሻራቸውን ሰጡ። ሲወጡ አውራ ጣቱ ላይ የቀረውን ቀለም በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ከዚያ ማሳውን ማየት እንደምትፈልግ ነገረችው።

ማሳው ዳር ስትደርስ እስከ ቦዩ ድረስ በዓይኗ ቃኘችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ደለሉን በእጇ ቆፈረች።

«ከሥሩ እርጥብ ነው። ለሽምብራ ይሆናል።»

«እኔም አስቤ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልዘራህም?»

«ልጠይቅሽ ብዬ።»

ጉዲቱ ቀና ብላ አየችውና ሳቀች። ሳቋን ከሰማ ስንት ጊዜው። የዚያን ዕለት ግን በማታው ሚኒባስ አዳማ ተመለሰች፤ እሱም እንድትቀር አልለመናት።

የመጣው ብር የጠፋውን ጤፍ የሚተካ አልነበረም። ለሽምብራ ዘርና ለበሬዎቹ መኖ ግን በቃ። በመስከረም አንድ ቀን ጉዲቱ በጠዋት ደረሰች። እሱ እያረሰ እሷ ከኋላው በፈሩ ውስጥ ዘሩን እየጣለች ዋሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መርዳሳ በሬዎቹን አቆመ።

«ሚኒባሱ እንዳያመልጥሽ» አላት።

ጉዲቱ ገና ያልተዘራውን የማሳውን ጥግ ተመለከተች።

«ይሄን ጥለን? ነገ እሄዳለሁ።»

መርዳሳ በሬዎቹን ፈታ። ከዚያ ቤቱ ለስንት ጊዜ እንዳልተጠረገ ትዝ ሲለው፣ እሷን ከበሬዎቹ ጋር ትቶ ቀድሟት ወደ ቤት ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደ።