ሁለተኛው ጥይት

«እማ፣ ይሄ ነገር የፈለግነው ዕለት ይሠራል?»

ልጄ ታውኒ ይህን የጠየቀችኝ በዴንዚል የዕቃ መደብር ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመ ጠብመንጃ እያየች ነበር። ከአፈሙዙ ሥር ያለውን የእንጨት መያዣ ወደ ኋላ ስበው ወደ ፊት ሲገፉት ባዶውን ቀልሃ ተፍቶ አዲስ ጥይት ከሚያቀባብለው ዓይነት ነው። ባለሱቁ ዴንዚል ቀድሞኝ «እንዴታ!» አለ። እሷ ግን የጠየቀችው እኔን ነው፤ ዓይኗ ከእኔ ላይ አልተነሣም።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳለን ሌባ ቤታችን ገብቶ ነበር። የኋላውን በር ገንጥሎ የሟች ባሌን የአደን ጠብመንጃ፣ የእንጨት መጋዙንና የታውኒን ትንሽ የጌጥ ሣጥን ይዞ ሄደ። ጭቃ በጫነ ቦቲው አልጋዋ ላይ ቆሞ የላይኛውን መደርደሪያ ፈትሿል። አንሶላውን አጠብኩት፤ ጭቃው ለቀቀ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ አልጋ ላይ አልተኛችም። እኔ ክፍል ወለሉ ላይ፣ በሩ ላይ ወንበር አስደግፋ ትተኛለች።

የሸሪፉ ፖሊስ መጥቶ በሩን አየና አንገቱን ነቀነቀ። «እመቤቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ደውለሽልን እዚህ ሸለቆ እስክንደርስ የጣድሽው ባቄላ በስሎ ይወጣል» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። መንገዱን ስለሚያውቀው ነው።

በእኛ ሸለቆ ማንም ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ክላክስ ሳያደርግ ወደ ላይ አይወጣም። አባቶቻችን በፈረስ ሲመጡ ይጣሩ ነበር፤ እኛ ክላክስ እናደርጋለን። ክላክሱ «ወዳጅ ነኝ፣ ውሻውን ያዙልኝ» ማለት ነው። ጎረቤታችን እማማ ቬስታ ያን እሑድ ጉንፋን ይዟቸው ቤት ነበሩ። ክላክስ ሳያደርግ የወጣ መኪና ሰምተው ጫማቸውን አጥልቀው እስኪወጡ መኪናው ተመልሶ ወርዷል።

የባሌ እህት ጋርኔት የምትኖረው ኦሃዮ፣ ዴይተን ነው። ወሬውን እንደሰማች ደወለች። «የምስጋና በዓል ባለፈ ቅዳሜ መጥቼ ልጅቷን እወስዳታለሁ። አንቺ ከፈለግሽ ከድቦቹ ጋር ቅሪ» አለችኝ። ታውኒ አልተከራከረችም። ሻንጣዋን አውጥታ የክረምት ልብሷን ከተተች። ከተማ ባለው የአረጋውያን ቤት ትሠራለች፤ ሽማግሌዎቹ እሷ ካላጎረሰቻቸው አፋቸውን አይከፍቱም። ያንን ሥራ ትወደዋለች። ያለ ነው፣ ልጅም ታድጋለች፣ ቤትም ትለቃለች፤ ይህን አውቃለሁ። ነገር ግን ፈርታ ስትሄድ ማየት አልቻልኩም። ፈርቶ የወጣ ሰው የሄደበትም አገር በሩ ላይ ወንበር ያስደግፋል።

ለዚህ ነው ዴንዚል መደብር የሄድነው።

«ዜላ፣ ይሄን ውሰጂ» አለኝ ዴንዚል ጠረጴዛው ላይ ያለውን እየደባበሰ። «የአባቴ ነው። የጠብመንጃው ስም ዲያቆን ነው። በየዓመቱ በእሳት አደጋ መከላከያ ጓዶቹ የተኩስ ውድድር ላይ የአሳማ ጭን ወይም የቱርክ ዶሮ ሳያመጣ ገብቶ አያውቅም። አንድም ቀን አልከሸፈም። በቅናሽ እሰጥሻለሁ።»

«እዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውስ?» አልኩት። አዲስ ነው፣ ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ዋጋው ከሁሉ ያንሳል።

«ያ? ያ እኮ የመጋረጃ ዘንግ ነው። አዲሱን ብሸጥልሽ እኔ አተርፍ ነበር፤ ግን አላምነውም፤ ቬስታማ አንዱን ከገዛችኝ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር ‹ዘንግህ ደህና ነው› እያለች ትስቅብኛለች። ቅዳሜ ተኩሱ ላይ ነይና ዲያቆንን በዓይንሽ እዪው።»

ተኩሱ የሚደረገው በየዓመቱ ከምስጋና በዓል በፊት ነው፤ ከእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያው ኋላ ባለው ሜዳ። ሰው ገንዘብ አዋጥቶ ወረቀት ላይ ይተኩሳል፤ ወደ መሐሉ የተጠጋ ሽልማቱን ይወስዳል፤ የተረፈው ለእሳት አደጋ መኪናው የውኃ ቱቦ መግዣ ይሆናል። እማማ ቬስታ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ የሚተኩሰውን ሁሉ ይተቻሉ።

እኔ ከጸደይ ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ለትልልቅ ሰዎች በሚሰጠው የንባብ ትምህርት ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ አነባለሁ። የሳሙና ካርቶን፣ የመንገድ ምልክት፣ የሰው ካናቴራ። ታውኒ «እማ፣ በልብሽ አንብቢ፤ ሰው እያየን ነው» ትለኛለች። ያን ቀንም አጥሩ ላይ የተቸነከረውን አሮጌ ጣውላ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመርኩ። ቀለሙ ለቅቋል። ሌላው ሰው ጣውላው እዚያ መኖሩንም ረስቷል።

«ለአንድ ተኳሽ... በአንድ ዙር... አንድ ጥይት ብቻ።»

ዴንዚል ተራው ደርሶ ቆመ። አንዲት ጥይት ከላይ በተከፈተው አፍ በጣቱ አስገባ፣ መያዣውን ወደ ፊት ገፋ፣ ተኮሰ። ወረቀቱ መሐሉ ተበሳ። ሰው አጨበጨበ፤ የአሳማ ጭኑን ተሸክሞ እየሳቀ መጣ።

«አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ፤ እግዜር ይባርክልህ። ሁለተኛውስ?»

«የቱ ሁለተኛው?»

«ሁለተኛው ጥይት። ጣውላው አንድ ብቻ ይላል። ሁልጊዜ አንድ ብቻ ከሆነ የምትተኩሱት፣ ዲያቆን ሁለተኛውን ማቀባበሉን በምን ታውቃለህ?»

መጀመሪያ ሳቁብኝ። አንዱ ከኋላ «ዜላ ሠራዊት ልትመክት ነው!» አለ። ፊቴ ጋለ፤ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እማማ ቬስታ ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ «ምን ያስገለፍጣችኋል?» አሉ። «እናንተ እኮ የምትተኩሱት የቆመ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀት ሮጦ አይመጣባችሁም። ዴንዚል፣ የዚያን ጠብመንጃ ሆድ መቼ ነው ሞልተኸው የምታውቀው?»

ዴንዚል የጠብመንጃውን ሆድ በመዳፉ ዳሰሰ። «አባቴ... አላውቅም» አለ።

ተኩሱ ሲያልቅ ጥይት አምጥቶ በአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ከተተ። የመጀመሪያውን ተኮሰ። መያዣውን ሳበ፣ ገፋ፣ ቃታውን ሳበ። ቀጭ። ምንም የለም። ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ ገፋ። ቀጭ።

«ዲያቆኑ ስብከቱ ጠፋበት» አሉ እማማ ቬስታ።

ዴንዚል የቱቦውን ክዳን ፈታ። ጥይቶቹን ወደ ኋላ መግፋት ያለበት ጥምዝ ሽቦ ዝጎ እንደ አሮጌ ምስማር ተጣብቋል። ያ ሁሉ የአሳማ ጭን በአንድ በአንድ ጥይት የተገኘ ነው፤ ቱቦው ምናልባት አባቱ በሕይወት ሳለ ጀምሮ ሞልቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር። ዴንዚል ግን እንባው እስኪወርድ ሳቀና «ይህን ልሸጥልሽ ነበር እኮ፣ ዜላ። ከነልጅሽ!» አለ። ሳቁ መሐል ላይ ቆመ። ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ።

እማማ ቬስታ የራሳቸውን «የመጋረጃ ዘንግ» ከመኪናቸው አስመጡ። ዶሮዎቻቸውን ከባዘኑ ውሾች የሚጠብቁበት ነው። ሞልተው ለታውኒ ሰጧት። ታውኒ ተኮሰች፤ መያዣውን ሳበች፤ ቃታውን ስትስብ ምንም የለም።

«ይኸው! ርካሽ ነገር!» አለ ያ ከኋላ የነበረው ሰው።

«አንተ ዝም በል። ጠብመንጃው ምን አደረገ? የልጅቷ እጅ ነው የፈራው» አሉ እማማ ቬስታ ብድግ ብለው። «ነይ፣ የኔ ቆንጆ። ግማሽ መንገድ ስበሽ መለስሽው። እንዳይጎዳ ብለሽ አዘንሽለት፣ አይደል? ማዘን የለም! የሣር ማጨጃ ሞተር ስታስነሺ ገመዱን እንዴት ነው የምትስቢው?»

«በኃይል ነዋ።»

«በቃ እንደዚያ። እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት። እያባበልሽ አይደለም።»

ታውኒ እግሯን ዘረጋ አድርጋ ቆመች። ተኮሰች፣ ሳበች፣ ተኮሰች፣ ሳበች። ቀይ ቀልሃዎቹ ሣሩ ላይ ዘለሉ። ቱቦው ባዶ እስኪሆን አልቆመችም። ከዚያ እሑድ ወዲህ ፈገግ ስትል ያየኋት ያኔ ነው።

አዲሱን፣ ርካሹን ገዛሁ። ዴንዚል አንድ ሣጥን ጥይት በነጻ ጨመረልኝና «ቤት የምታስቀምጡትን የጥይት ዓይነት ራሱን ተለማመዱበት እንጂ ሌላ አትተኩሱ። አንዳንዱ ጠብመንጃ አንዳንዱን ጥይት አይወድም። ካስቸገረሽ መልሺልኝ» አለኝ። አስቸገረኝም። እማማ ቬስታ ማሳ ላይ ገና መጀመሪያ ላይ አንድ ቀልሃ ተሰነቀረበት። እሳቸው ግን ገነጣጥለው ፋብሪካ የቀባውን ወፍራም ቅባት ጠራርገው ቀጭን ዘይት አስነኩት። «አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይነክሳል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሣጥኑን ጨረስን፤ ሌላም ሣጥን ጨረስን፤ አንድም ጊዜ አልሰነቀረም። መያዣው እየለሰለሰ ሄደ። በዚያ ሁሉ መሐል እማማ ቬስታ አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር፤ «ጣትሽ ከቃታው ውጭ። መጀመሪያ ድምፅሽ ይውጣ። ማን እንደሆነ ያላወቅሽውን ሰው አትተኩሺም።» ታውኒ እንደ መዝሙር አጠናችው።

ታውኒ መደብሩ ውስጥ የጠየቀችኝ ግን ገና አልተመለሰም። ሜዳ ላይ መሥራቱን አይቻለሁ። የፈለግነው ዕለት ግን ሌላ ነው።

የምስጋና በዓል ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት፣ የተረፈውን የቱርክ ዶሮ ለሾርባ እየገነጠልኩ ሳለ መኪና ሲወጣ ሰማሁ። ድልድዩ ላይ ክላክስ አላደረገም። እጄ ዶሮው ላይ ቀረ። መኪናው ግቢያችን ገባ። በመስኮት አየሁት፤ የማላውቀው ትልቅ ግራጫ ፒካፕ ነው።

ታውኒ ቁምሳጥኑን በቁልፍ ከፍታ ጠብመንጃውን አውጥታለች። መያዣውን እስከ መጨረሻው ስባ እስከ መጨረሻው ስትገፋው ድምፁ ቤቱን ሞላው። መኝታ ቤቱ ደጃፍ ላይ ከግድግዳው ኋላ ቆመች። አፈሙዙ ወለሉን ያያል፤ ጣቷ ከቃታው በላይ ቀጥ ብሏል። እኔ ስልኩን ይዤ ከኋላዋ ተንበረከክሁ። ቁጥሩን እንኳ መንካት አልቻልኩም።

በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለች ታውኒ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ስምህን ተናገር! ድልድዩ ላይ ክላክስ ለምን አላደረግህም?»

ከውጭ «የምን ክላክስ ነው ደግሞ?» የሚል ጩኸት መጣ። «ጋርኔት ነኝ እንጂ ማን ልሁን! የዱባው ኬክ እጄ ላይ ሊወድቅ ነው፣ ክፈቱ!»

ታውኒ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ከዚያ ነው በሩን የከፈትኩት። ጋርኔት የባሏን አዲስ መኪና ይዛ፣ የበዓሉን ማግስት ከእኛ ጋር ላሳልፍ ብላ ቀኗን ቀድማ መጥታለች። ጠብመንጃውን ስታይ ኬኩን ይዛ እዚያው ተገተረች። ወዲያው ከኋላዋ እማማ ቬስታ በቤት ጫማ፣ የራሳቸውን ዘንግ ታቅፈው፣ እያለከለኩ ግቢ ገቡ።

«ጋርኔት! ኦሃዮ ለመኪና ክላክስ አይገጥሙም እንዴ?»

«ሊገድሉኝ ነበር!» አለች ጋርኔት። «ይኸው! ለዚህ ነው ልጅቷን የምወስዳት!»

«አክስቴ፣ ጣቴ ቃታው ላይ አልነበረም» አለች ታውኒ። «ስምሽን እስክትናገሪ እየጠበቅኩ ነበር።» ከዚያ ቀኝ እጇን ከፊቷ ዘርግታ አየችው፤ ገልበጥ አድርጋም አየችው። «እማ፣ አልተንቀጠቀጠም።»

ኬኩን በላን። እማማ ቬስታም የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ ቁጭ ብለው በሉ። ጋርኔት ድንጋጤው ሲለቃት መሣቅ ጀመረች፤ ልጅ ሳለች አባቷ ድልድዩ ላይ ክላክሱን ሳያደርግ የወጣ ዕለት እናቷ በሸክላ ድስት እንደመታችው አወራችን። እኔ ሾርባውን እያማሰልኩ ጀርባዬን ሰጥቻቸው አለቀስኩ፤ የደስታ ነው። የሠራው ጠብመንጃው ብቻ እንዳልነበር ገብቶኛል። አላፍርም ብሎ የሳቀው ዴንዚል ሠርቷል። በቤት ጫማ ቁልቁለቱን የወረዱት አሮጊት ሠርተዋል። ያን ጣውላ ድሮ የጻፈው፣ ስሙን የማላውቀው ሰው ሠርቷል። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝም። ሁለተኛውን ጥይት ቀርቶ የመጀመሪያውንም ሳንፈልገው ቀረን፤ ለዚያ ከሁሉ በላይ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ማታ ታውኒ በሩ ላይ ያለውን ወንበር ወደ ወጥ ቤት መለሰችው። ሻንጣዋን ፈትታ የክረምት ልብሷን መልሳ ሰቀለች፤ በራሷም አልጋ ተኛች።

ሌባው አልተያዘም። ጋርኔት እሑድ ከቁርስ በኋላ ዴንዚል ከሰጠን የአሳማ ጭን ግማሹንና የታሸገ ባቄላ ጭና መኪናዋን አስነሣች። ታውኒ ከእኔ ጋር በረንዳው ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ጋርኔት ክላክሷን ረዥም አድርጋ ነፋች፤ እማማ ቬስታ ከላይ «እሰይ!» ሲሉ ሰማን።

ጋርኔት ሄደች። ታውኒ ቀረች።