የከበበ አብሾ

ሸዋረጋ ከእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ወጥታ ቤቷ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጇ ወልደ ኢየሱስ የለም። የልጅ ልጇ ከበበ የለም። ቆጥ ላይ ተሸፍኖ የነበረው ቅልም የለም።



ቅሉ ውስጥ አብሾ ነበረ፤ ትምህርት አልገባ ላለው ተማሪ ደብተራዎች የሚበጠብጡት፣ ልብ ይከፍታል የሚባለው መድኃኒት። ለከበበ የታዘዘለት ፊደል መቁጠር ስላቃተው ነው። የኔታ ገብረማርያም «ሀ» ሲሉት ዓይኑ ዛፍ ላይ ነው፤ «ሁ» ሲሉት ራሱ ዛፍ ላይ ነው። በእግር ብረት አሰሩት፤ ከነብረቱ ሲዘል ዋለ። በመጨረሻ «አብሾ ይጠጣ» አሉ።

ሸዋረጋ እንዳያጠጡት አልቅሳ ለምና ነበር። ፊደል የቆጠረችው ከወንድሟ ከበላይነህ ጎን ተቀምጣ ነው። እሱም አብሾ ጠጥቶ ነበር። ዳዊቱን ባንድ ጊዜ ያዘው፤ እናቱን ግን ማን እንደሆነች ጠየቃት። እስኪሞት ድረስ እንደጠየቃት ነው።

«እማዬ፣ እንደኔ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» ነበር የወልደ ኢየሱስ መልስ። አናጢ ነው፤ ግቢው ባልጨረሰው በርና ባልጨረሰው አልጋ ተሞልቷል። «መጥረቢያ ፍለጋ ወጥቼ የሰው በቅሎ ስገራ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ። ሰው ሲስቅብኝ ኖረ። ልጄ ላይ አይስቁም።»

«ይሳቁበት! ሳቅ ሰው አይገድልም!» ብላው ነበር።

አሁን ጎረቤቷ ጂቱ ባጥሩ በኩል ብቅ አለች። «ልጅሽን ነው? ቅሉን አውርዶ ሲያማስል ጎረቤታችን ኢዶሳ በቅሎዬ አመለጠች ብሎ ጮኸ። ልጅሽም ሁሉን እዚያው ጥሎ በቅሎዋን ሊይዝ ሮጠ።»

«ከበበስ?»

«እሱማ መች ይታያል? ነፋስ አይደል!»

ሸዋረጋ ወደ የካ በሚወርደው ቁልቁለት ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች። ቅሉን ጥድ ሥር አገኘችው፤ ባፉ ተደፍቷል፣ ባዶ ነው። አፈሩን ዳበሰች። እርጥብ ነው፤ ግን ዘንቦ አድሯልና የቱ አፈር ደረቅ ነው?

ከላይ ሳቅ ሰማች። ከበበ ቋጥኝ ላይ ቆሞ፣ ጥብቆውን አውልቆ እያራገበ፣ ከሰማዩ ጋር ያወራል።

በላይነህም የጀመረው ልብሱን በማውለቅ ነበር። ግን ከበበስ መቼ ለብሶ ውሎ ያውቃል? ብቻውን የማያወራበትስ ቀን አለ? ይኸ አብሾው ነው ወይስ ልጁ? በእጇ ያሳደገችውን ልጅ መለየት አቃታት።

«ና፣ የኔ ጌታ! ና ወደኔ!»

እየዘለለ መጣ፤ መንገድ ላይ ጥንዚዛ አይቶ ቆመ። ሄዳ ያዘችው። ጉንጩን ጨብጣ ዓይኑን መረመረች፤ በላይነህ አብሾ የጠጣ ቀን ብሌኑ ዓይኑን ሁሉ ሞልቶት ነበር፣ አፉም ምራቅ አልነበረውም።

«እንትፍ በል!»

ተፋ። ጨዋታ መስሎት ደግሞ ተፋ፣ ጫማዋን እስኪያረጥብ ድረስ።

«ጠጣኸው? እውነቱን ንገረኝ!»

«ልጠጣው ነበር። አባባ እሱን ከጠጣህ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ ብሎኛል። የኔታ እንዳይቆጡኝ ብዬ ወደ አፌ ሳስጠጋው ጭልፊት የነጂቱን ጫጩት ነጠቀ! ተከተልኩት! ቅሉን...» እጁን አየ። «ቅሉን የት ጣልኩት?»

ሸዋረጋ እቅፍ አድርጋው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ወልደ ኢየሱስ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰ። ባዶውን ቅል ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «ረሳሁት» አለ። «እማዬ፣ እጄ ላይ የነበረውን ረሳሁት።»

«አልጠጣውም። ተርፏል።»

አጠገቧ ቁጭ አለ። «እኔም እንዲህ ነበርኩ?» አለ።

«ነበርኩ ትላለህ? ዛሬስ?»

«አብሾ ግን አላጠጣሽኝም።»

«አባትህ ሊያጠጣህ ነበር፤ ደብቄህ ነው ያመለጥከው። ፊደሉን ወንዝ ለወንዝ እያዞርኩ አስቆጠርኩህ። ስትሄድ ይገባሃል፣ ስትቀመጥ ይጠፋሃል። ዛር መስሎኝ ስንት ፈርቻለሁ! አፈጣጠርህ ነው፣ የሱም እንዲሁ ነው።»

ወልደ ኢየሱስ የልጁን ጥብቆ ከመሬት አነሳ። «ሌላ እንዳይበጠብጡ ነገ ለየኔታ እነግራቸዋለሁ።»

«ትረሳዋለህ። አሁኑኑ እንሂድ።»

ባንድ እጇ የልጇን ክንድ፣ ባንዱ የከበበን አንጓ ይዛ ዳገቱን ጀመረች። የኔታ እምቢ ቢሉስ? ከበበ ግን ወፍ አይቶ ይጎትታታል፤ እሷም ሳትለቀው በሄደበት ትከተለዋለች።