ዋርካው ዞሮ የቆመ ዕለት

ድምፅ የሰጠው አምላክ ጆሮም ጨምሮ ሰጠው፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከጭማሪው ነው። ወጣት ሳለ በአንድ የዘፈን ቲያትር የእንጨት ቆራጩን ቦታ ለመጫወት ተፈትኖ፣ የመጨረሻዋን ረጅም ዜማ ጣራ አድርሶ ሲመልሳት ፒያኖ መቺዋ ራሷ እጇን አንሥታ አጨብጭባለች። አዘጋጁ ግን ከላይ እስከ ታች አየውና መነጽሩን በመሀረብ እየወለወለ፣

«ድምፅህ ወርቅ ነው፤ ጆሮህ ግን ከኋላ ወንበር ይታያል» አለው።

አዳራሹ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ። ያቺ ሳቅ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክታ ቀረች።

የእንጨት ቆራጩን ቦታ አንድ ሎጋ ተዋናይ ወሰደው። ሎጋው ሲቆም ሐውልት ነው፤ ሲራመድ ሰው አንገቱን ያሰግጋል፤ ሲዘፍንም እስከ መካከል ድረስ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ድምፁ ደረጃ መውጣት እንዳቃተው ሽማግሌ ቁጭ ይላል። ችግሩ፣ እንጨት ቆራጩ መጨረሻ ላይ መጥረቢያውን ጥሎ፣ ሊቆርጠው የመጣውን ዋርካ ተደግፎ የሚያወጣት ያቺ ረጅም ዜማ የቲያትሩ ነፍስ ናት። ምን ይሻላል ተባለ። በድምፅ ማጉያ ሞከሩት፤ ድምፁ ከጣራ መጣና ተመልካቹ ሁሉ አንጋጦ ቀረ። በመጨረሻ አዘጋጁ፣ የተማረ ሰው አይደል፣ መላ ዘየደ፦ ባለ ወርቅ ድምፁን ዋርካው ውስጥ ከተተው።

ዋርካው ከፊት ለፊት ግንድ ነው፤ ከኋላው ክፍት ሣጥን። እሱ ውስጡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ሎጋው ግንዱን ተደግፎ አፉን ይከፍታል፤ ድምፁ ከሣጥኑ ይወጣል፤ አበባው ለሎጋው ይወረወራል። የቤቱ ምስጢር ስለሆነ የእሱ ስም ማስታወቂያ ላይ አይወጣም፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰልፎ እጅ ሲነሣም እሱ በኋላ በር ሹልክ ይላል። ጠጉሩ በዚህ ሥራ ሸበተ። ባልደረቦቹ «ጋሽ ዋርካ» ይሉታል። በፍቅር ነው ይላሉ፤ ይሁን።

ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልተቻሉት አማቱ ናቸው።

አማቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ልጃቸውን በዳሩ ሰሞን ቲያትሩን ሊያዩ መጡ። መነጽራቸውን ሰክተው አማቻቸውን ፈለጉ። መድረኩ ላይ ካሉት ወታደሮች መሀል የለም። ከገበያተኞቹ መሀል የለም። እጅ ሲነሡም የለም። ሲወጡ የኋላ በር ላይ ብቻውን ቆሞ አገኙት።

«አሃ!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ለጎረቤቱ ሁሉ «የልጄ ባል ቲያትር ቤት ዘበኛ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው» እያሉ ያስተዋውቁታል። ዘበኛ መባሉ እንኳ ባልከፋ፤ አንጀቱን የምታሳርረው ያቺ «ጨዋ ልጅ ነው» ናት። ሚስቱ ብትምል ብትገዘት፣ «ዛፍ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍነው እሱ ነው» ብትል፣ እናትዋ መርፌያቸው ላይ ክር እያስገቡ፣ «ባልሽን መውደድሽ ጥሩ ነው» ብለው አለፏት።

ዘንድሮ ሚስቱ እናትዋን እንደገና ልታመጣቸው ተነሣች፤ ለእሑድ ከሰዓት። ጋሽ ዋርካ ይህን ሲሰማ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ አዘጋጁ ቢሮ ገባ።

«አንድ ቀን ብቻ» አለው። «እሑድ መጨረሻ ላይ ወጥቼ ከሰዎቹ ጋር እጅ ልንሣ።»

«ምን ሆነህ ነበር ብለን?»

«እንዴት ምን ሆነህ?»

«ወታደር አልነበርክ፣ ገበያተኛ አልነበርክ። ሕዝቡ ይህ ደግሞ ከየት መጣ አይልም?»

«ከዋርካው ነዋ!»

«እሱን ነው የምልህ» አለና አዘጋጁ መነጽሩን መወልወል ጀመረ። መነጽር መወልወል ከጀመረ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው።

ሲወጣ ሎጋው ኮሪደሩ ላይ ያዘው። «ጋሽዬ፣ እማማ ይመጣሉ አሉ! ሦስተኛው ረድፍ መሀል ላይ ወንበር አስይዣለሁ፤ በደንብ እንዲያዩ።»

«ምኑን እንዲያዩ?» አለው።

ሎጋው ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ። ሰውዬው ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ለመጥላት ይመቻል።

በዚያው ሳምንት አናጢው ዋርካውን አደሰው። ድሮ ተሸክመው ነበር የሚያወጡት፤ አሁን ጎማ ገጠመለት፤ በአንድ ጣት ይሄዳል። ትዕይንት የሚቀየረው በጨለማ ስለሆነ ደግሞ፣ ዕቃ ገፊዎቹ ፊትና ኋላውን የሚለዩት በመዳፋቸው ነው። ሕጋቸው አንድ ነው፦ ሻካራው ወደ ሕዝብ። ፊቱ በሰጋቱራና በኮላ የተሠራ ቅርፊት አለው፤ የኋላው ጠርዝ ልሙጥ ጣውላ ነው። አናጢው ግን የተረፈችው ሰጋቱራ አሳዘነችው። «ሥራው ግማሽ ነው እንዳልባል» ብሎ የኋላውን ጠርዝም ጥሩ አድርጎ ቅርፊት አለበሰው። ለማንም አልተናገረም። ማን ያመሰግነኛል ብሎ ይናገር?

እሑድ ደረሰ። ጋሽ ዋርካ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ልማዱ ሸሚዙን አወለቀ፤ ውስጡ ምድጃ ነው። በካኔቴራ ቀረ። ጫማውንም አወለቀ። የግራ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ ብላለች፤ ማን ያያታል። የሻይ ኩባያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አማቱ አሁን እዚያ ተቀምጠው መነጽራቸውን ሰክተው ከወታደሮቹ መሀል እንደሚፈልጉት አሰበና ሆድ ባሰው።

መብራቱ ጠፋ። ገፊዎቹ መጡ። መዳፍ ዳበሰ፤ ሻካራ ነው። አዞሩት፤ ጎማው ኮሽ ሳይል ሄደ፤ ቆመ። መብራቱ በራ።

ጋሽ ዋርካ ሻዩን ፉት ሊል ኩባያውን ወደ አፉ እንዳስጠጋ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አየ።

ከበላይ ሰገነት አንድ ሰው «ኧረ ዛፉ ሻይ ይጠጣል!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሎጋው ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ ነበር የገባው፤ ልማዱ ነው። ትከሻውን ጠርዙ ላይ አስደግፎ ቆመ፤ ከኋላው ያለውን አላየም። ሳቁ ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ሱሪውን በእጁ ዳሰሰ። ከመጋረጃው ጥግ አዘጋጁ «ውረድ! ተኛ! ጥፋ!» እያለ በእጁ ያወናጭፋል። የት ይተኛ? ሙዚቃው እየወጣ ነው፤ ረጅሟ ዜማ ልትደርስ ነው።

ያን ጊዜ ለጋሽ ዋርካ አንድ ነገር ብልጭ አለለት፦ ዝም ቢልስ? አፉን ዘግቶ ቁጭ ቢል፣ ሎጋው አፉን ከፍቶ እንደ ዓሣ ይቀራል። የዕድሜ ልኩ ቂም በአንድ ዝምታ ይወራረዳል። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ ጣፈጠው፤ ኩባያውን አፉ ላይ እንደያዘ አጣጣመው። ከዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አማቱን አየ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉና መልሰው ሰኩ። አፋቸው ተከፍቷል።

ለእኒህ ሴትዮ ዝም ይባላል?

ኩባያውን አስቀመጠ። ቆመ። በካኔቴራው፣ በአውራ ጣቱ፣ በጆሮው፣ እንዳለ ቆመና ዜማዋን ለቀቃት።

ሳቁ ተቆረጠ። ድምፁ ዛሬ የሚያልፍበት ጣውላ የለም፤ በቀጥታ ሄዶ የመጨረሻውን ወንበር ነካ። ሎጋው አፉን እንደከፈተ ዞሮ አየው። ጋሽ ዋርካ፣ «አሁን መድረኩን ጥሎ ይሮጣል» ብሎ ጠበቀ። ሎጋው ግን አፉን ቀስ ብሎ ዘጋ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ዋርካው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ አገጩን በመዳፉ ይዞ ያዳምጠው ጀመር። እንጨት ቆራጩ ዛፉ ሲዘፍንለት ሰምቶ መጥረቢያውን የጣለ መሰለ። ሲታይ ከድሮው ይበልጥ ያምር ነበር፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ዜማዋ አለቀች። ጭብጨባው ገና ሳይጀምር ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ሴትዮ ብድግ አሉ።

«አማቼ ነው!» ብለው ጮኹ። «የልጄ ባል ነው! ዘበኛ አይደለም!»

ከዚያ በኋላ ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ሎጋው እጁን ይዞ ከሣጥኑ አወጣው፤ መሀል አቁሞት እሱ ወደ ጎን ሸሸ። አበባ ተወረወረ። አንዷ ጆሮውን መታችው፤ አልቀየማትም።

ከመጋረጃ ጀርባ አዘጋጁ እሳት ጎርሶ «ማነው ያዞረው?» እያለ ሲመጣ፣ አንድ ክራቫት ያሰረ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ያዘው። «ድንቅ ነው! ዛፉን ከውስጡ ማሳየት! እንዴት አሰብከው?»

አዘጋጁ ትንሽ ተንተባተበ። መነጽሩን አወለቀ። «ለብዙ ጊዜ ሳብላላው ቆይቼ...» አለ። ካሁን በኋላ ዋርካው ሁልጊዜ ዞሮ ይቆማል ተባለ። አናጢው አንድ ጥግ ቆሞ ይሰማል፤ ያመሰገነው የለም።

አማቱ ሰዉን እየገፉ ገቡ፤ ሚስቱ እየሳቀች እያለቀሰች ከኋላ። አማቱ ፊቱ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ያኔ በፈተናው አዘጋጁ እንዳየው አድርገው። እጁ ወደ ጆሮው ሄደ።

«ካልሲህ ተቀዷል» አሉት።

«አዎ፣ እማማ።»

«በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት በካኔቴራ?»

«እማማ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል። ክንድህን ዘርጋ።» ሜትራቸውን ከአንገታቸው ሳብ አድርገው ክንዱን ለኩ፤ ደረቱን ለኩ፤ ትከሻውን ለኩ። ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ ቁልፍ እንኳ ሰፍተውለት አያውቁም። «ቅጠል የለበሰ ካፖርት ነው የሚያስፈልግህ። አረንጓዴ ጨርቅ አለኝ።»

አዘጋጁ ከወዲያ ሆኖ፣ «እንደው ካልቀረ ሰፊ ባርኔጣ ቢጨምሩበት፣ እማማ» አለ። «ጆሮውን ሸፈን የሚያደርግ።»

አማቱ ሜትሩን እንደያዙ ዞሩ።

«ለምን ሲባል? እኔ እዚያ ተቀምጬ፣ መነጽሬም ደብዝዞብኝ፣ በምን የለየሁት ይመስልሃል?» አሉና ወደ አማቻቸው ተመለሱ። «ቀና በል፣ ልጄ። አንገትህን አልለካሁም።»

ጋሽ ዋርካ ቀና አለ።