ያለ ዋስ የተመረቀው

ስመኘው በሕግ በተመረቀበት ቅዳሜ፣ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ያለፋቸው አባቱ ዳኛ አድማሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዩኒቨርሲቲው በር ደረሱ። የተገነዙበትን አቡጀዲ እንደ ጋቢ ተከናንበዋል፤ በቀኝ እጃቸው የጥሪ ካርድ ይዘዋል። ጥበቃው ካርዱን ገልበጥ አድርጎ አየና ትከሻቸው ላይ ያለውን አፈር እንዲያራግፉ ነገራቸው። አራገፉና ገቡ።

የጠራቻቸው የስመኘው ሚስት የውብዳር ናት። ለአንድ ተመራቂ ሦስት ካርድ ይደርሰዋል። ስመኘው አንዱን ለእናቱ ለወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ አንዱን ለሚስቱ ሰጠ፤ ሦስተኛው ስም ሳይጻፍበት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ። የውብዳር ረቡዕ ዕለት በዚያ ካርድ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት የአማቷን የዳኛ አድማሱን ስም ጻፈች። ከዚያ ገብርኤል ሄደች፤ ካርዱን መቃብራቸው ላይ አስቀምጣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ጫነችበት። ዳኛ አድማሱ በሕይወት ሳሉ የአጥቢያ ዳኛ ነበሩ፤ ተጠርተው የቀሩበት ቀን አይታወቅም።

የጠራቻቸው ለደስታ አልነበረም። ማክሰኞ የምርቃቱን ሱፍ ስትተኩስ ከውስጥ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አግኝታለች። የፍቺ አቤቱታ ነው፤ ስመኘው ራሱ የጻፈው፣ ሰኞ ፍርድ ቤት የሚገባ። አራተኛው ተራ ቁጥር እንዲህ ይላል፦ «ተጠሪዋ በሽተኛ እናቴን ምግብ እየከለከለች፣ በቆሸሸ አንሶላ እያስተኛች ስላሰቃየቻቸው ከቤት እንድትወጣ ይታዘዝልኝ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው አምስት ዓመታቸው ነው። አምስቱንም ዓመት ያጎረሰቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ ገላቸውን ያጠበቻቸው የውብዳር ናት። የራሷን ትምህርት አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ የተወችውም ለዚሁ ነው። ማታ ማታ የአማቷን እግር እያሸች፣ የባሏን መጽሐፍ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እሱ አንቀጹን በቃሉ ሲወጣ የሳተውን ታርመው ነበር። ስታርመው የኖረችው ሰው እንግዲህ ይህን ጻፈባት። የውብዳር አላለቀሰችም። ሱፉን ተኩሳ ጨረሰች፣ ወረቀቱንም ተኩሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ አምስት ዓመት ስትቀልብ መኖሯን ስታስበው በራሷም ተናደደች።

ዳኛ አድማሱ ሜዳው ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ከሚስታቸው ተሽከርካሪ ወንበር አጠገብ ተቀመጡ።

«ደህና ነሽ ጥሩዬ?»

«ተመስገን። አንተስ?»

«ይቀዘቅዛል።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በባላቸው መምጣት አልተገረሙም። ልጁ ሲመረቅ አባት ካልመጣ ማን ሊመጣ ነው።

የስመኘው ስም ተጠራ፤ ወጣ፣ ዲግሪውን ተቀብሎ ወረደ። አባቱን ሲያይ ፊቱ ትንሽ ገረጣ፤ ቢሆንም ወግ ነውና ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ፎቶ አንሺው «ቤተሰብ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ!» አለ። በዚያ ሜዳ እያንዳንዱ ተመራቂ ጋዋኑን እያወለቀ እናቱን ያለብስ ነበር። ስመኘውም እናቱን ሊያለብስ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«በሕግ አምላክ!» አለች የውብዳር።

በሕግ አምላክ ሲባል መቆም ነው። ስመኘው ቆመ። ፎቶ አንሺው፣ የማርሽ ባንዱና በየመስመሩ የተደረደሩት ተመራቂዎችም ቆሙ። የውብዳር የነጠላዋን ጫፍ ከጋዋኑ ጫፍ ጋር ቋጠረችው፤ በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ እንደሚቆራኙት ማለት ነው።

«ምን ሆነሻል? ሰው እያየን እኮ ነው!»

«ይየን።»

ዳኛ አድማሱ ወንበራቸውን አዙረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከሳሽ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ተከሳሹስ?»

«ልጅዎ።»

«የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። ቃልሽን ስጪ።»

የውብዳር አቤቱታውን አውጥታ ከአንደኛው ተራ ቁጥር ጀምራ አነበበች። አራተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሜዳው ጸጥ ስላለ የመጨረሻው ረድፍ ድረስ ተሰማ።

«አባባ፣ ይሄ ሥርዓት የለውም» አለ ስመኘው። «ቁራኛ ከሕግ ከወጣ ስንት ዘመኑ!»

«እኔም ከሞትኩ ቆይቻለሁ» አሉ ዳኛው። «ዋስ አለህ?»

ስመኘው ወደ ጓደኞቹ ዞረ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት የሕግ ምሩቃን ጫማቸውን ያዩ ነበር። ከዚያ እናቱ ፊት ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ዋስ ነኝ በያቸው። አንድ ቃል ናት።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቃል የሚወጣቸው በዝግታ ነው። ሁሉም ጠበቀ።

«ልጄ ነህ» አሉ።

«አዎ፣ እማዬ።»

«አራተኛውን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ግን እማዬ፣ የአቤቱታ አጻጻፍ ነው፤ እንዲህ ካልተባለ ዳኛ አይሰማም…»

«አንሶላዬ ቆሽሾ አያውቅም።»

ፊታቸውን ወደ የውብዳር መልሰው «አፌን ጥረጊልኝ» አሏት። ጠረገችላቸው።

ዳኛ አድማሱ ብድግ አሉ። «ዋስ ያጣ ከዳኛው ጋር ያድራል» ብለው ነጠላዋን ከጋዋኑ ፈቱና ጋዋኑን ከአቡጀዲያቸው ጋር ቋጠሩት። ስመኘው ጋዋኑን ሊያወልቅ ታገለ፤ ቁልፎቹ አልተከፈቱም።

«ቀጠሮው ለመቼ ነው?» አለ።

«ዋናው ዳኛ ሲመጣ።»

«የውብዬ፣ ይቅር በይኝ። በእናትሽ!»

የውብዳር ልቧ ራራ። ይቅር የሚለው ቃል ከንፈሯ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አራተኛው ተራ ቁጥር ትዝ ሲላት መልሳ ዋጠችው።

አባትና ልጅ ተያይዘው ወጡ። ጥበቃው በሩ ላይ አስቆማቸው። «አባት፣ ሲገቡ አንድ ነበሩ።»

«አሁን ሁለት ነን» አሉ ዳኛ አድማሱ። ጥበቃው መዝገቡ ላይ ጻፈና አሳለፋቸው። የማርሽ ባንዱም ካቆመበት ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት የውብዳር አማቷን አጉርሳ፣ አንሶላቸውን ለውጣ ገብርኤል ሄደች። ከመቃብሩ ጠርዝ አንድ ስንዝር ጥቁር ጋዋን ብቅ ብሏል፤ ጫፉ ከአቡጀዲ ጋር እንደተቋጠረ ነው። ቋጠሮው ሳብ ተደረገ፣ ቆመ፣ ደግሞ ሳብ ተደረገ። አቤቱታውን አጣጥፋ ቋጠሮው ሥር ሸጎጠችና ያንኑ ድንጋይ ጫነችበት።

ከአፈሩ ሥር የስመኘው ድምፅ ይሰማል። ለቀጠሮው እየተዘጋጀ ነው፤ አንቀጾቹን በተራ በቃሉ ይወጣል። አንዱ ጋ ሲደርስ ሳተ። እንደ ልማዱ እስክታርመው ዝም ብሎ ጠበቀ።

የውብዳር አንቀጹን ታውቀዋለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ከኋላዋ ድምፁ ያችኑ የሳታትን ቃል ደጋግሞ ይጠይቅ ነበር።