ሁለቱም ያው ሕክምና ነው

«ጎንደር ላይ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሦስት ሰው ነው፤ ሁለቱ ፈረንጆች ናቸው» አለች ሸጋዬ፣ ከሐኪም ቤቱ ደጅ ቃሬዛ ላወረዱት ገበሬዎች።

ጣሊያን ከወጣ ወዲህ በተከፈተው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን የጨረሰችው አምና ነው። ድሬሰሩ እንኳየሁ ለከተራ ቀሐ ወንዝ ወርዶ ፈረንጁ ሐኪም ያለ አስተርጓሚ ስለቀረ፣ ቀሚሷን አራግፋ ገባች። ማን ይከለክላታል?

ቃሬዛው ላይ ያሉት አያ ጎሹ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ከአይከል ተሸክመው ያመጧቸው ወንድማቸው አያ አዘዘና ጎረቤቶቻቸው ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለዋል። ተስፋ ከሌለ አሁኑኑ መልሰው ይወስዷቸዋል፤ ነፍስ አባታቸው ፊት ተናዝዘው፣ መሬታቸውን አካፍለው፣ ልጆቻቸውን መርቀው እንዲሞቱ።

ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳሰሰ፤ ራሱን ነቀነቀና ተናገረ። ሸጋዬ «ትሪት» ሲል ሰማች፤ «ኪውር» ሲልም ሰማች። ከሁለተኛው ጋር «ኖ» ያለ መሰላት። ግን መጠየቅ አለማወቅ ነው። ደግሞስ ሁለቱም ያው ሕክምና አይደል? ፈረንጅ ለአንድ ነገር ሁለት ስም ካላወጣ አይሆንለትም።

«ምን አለሽ ልጄ? ይተርፋል ወይስ እንውሰደው?» አለች የአያ ጎሹ ሚስት ማሬ።

«ይድናሉ! እንዲያውም እስክስታ ይወርዳሉ።»

ማሬ እልል አለች። አያ አዘዘ ጋቢያቸውን አጣፉ። «በሉ፣ አውድማችንን ከብት ሳይጨርሰው እንድረስ። አንቺ ልጅ፣ ሸጋ አፍ አለሽ!»

ታቦቱ ገብቶ እንኳየሁ ሲመለስ አያ ጎሹ ያጣጥሩ ነበር። እሱም ሐኪሙን አነጋግሮ ሲወጣ ሸጋዬን ኮሪደሩ ላይ ክንዷን ያዛት።

«ትሪት ማስታመም ነው፤ ኪውር ማዳን ነው። ‹ስቃያቸውን እናስታግሳለን እንጂ አናድናቸውም፤ አገራቸው ይግቡ› ነው ያለሽ!»

«ይመሳሰላሉ እኮ...»

«ለሚሞተው አይመሳሰሉም።»

ከውስጥ የማሬ ጩኸት ተሰማ።

ሸጋዬ ስትገባ ማሬ የባሏን ዓይን ከድና፣ አገጩን በመቀነቷ እያሰረች ነው። ተሸካሚዎቹ አይከል ናቸው፤ ልጆቹም አባታችን ድኖ ይመጣል ብለው እዚያው። ሸጋዬ ሁለቱን ቃላት አንድ በአንድ አስረዳቻት፤ የሰማችውን «ኖ»ም አልደበቀችም።

«አብሬ አይከል ልሂድ፣ እትዬ። ለልጆቻቸው እኔው ልንገራቸው።»

ማሬ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«ተይው። ሬሳ አስተርጓሚ አይሻም።»